«ጠንካራውን ለምን ከጅምሩ አይሰጡንም?»

ጠያቂያችን ከቡሬ የጻፉ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ጥያቄያቸው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ልጆቼን ጉንፋን ወይ ቶንሲል በያዛቸው ቁጥር አሞክሳሲሊን ይሰጡናል። አሁን አሁን ግን ሰውነታቸው ለመደው መሰለኝ፣ አይሠራም። ባለፈው ከመድኃኒት ቤት አዚትሮማይሲን ገዝቼ ለ3 ቀን ሰጠኋቸው፣ ወዲያው ተሻላቸው። እኔን ደግሞ ሽንት ሲያቃጥለኝ ሲፕሮ ወሰድኩ። በወሩ ተመልሶ መጣ፣ ደግሜ ወሰድኩ። ይኸው አሁንም አለ። ባለቤቴ ከጃዊ ሲመለስ አተኮሰውና ታይፎይድም ታይፈስም ተገኘብህ ተብሎ መርፌ ጀምሯል። ጎረቤት ሁሉ ዋናው ሴፍትሪያክሶን ነው ይላል። መጨረሻ ላይ እሱን መስጠታቸው ካልቀረ፣ ጠንካራውን ለምን ከጅምሩ አይሰጡንም?»

ጠንካራና ደካማ የሚባል አንቲባዮቲክ የለም። እያንዳንዱ መድኃኒት የሚገድላቸው ጀርሞች አሉ፣ ጭራሽ የማይነካቸውም አሉ። ምሳር ከማጭድ ይጠነክራል፤ ጤፍ ግን በምሳር አይታጨድም። ሴፍትሪያክሶን ለማጅራት ገትር፣ ለከባድ የሳንባ ምች፣ ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። ወባን ግን አይነካም። ጉንፋንን አይነካም። ቲቢን አይነካም። ባለቤትዎ ተገኘባቸው የተባለውን፣ በቅማል የሚተላለፈውን ታይፈስንም አይነካም።

ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የቆሎ ተማሪ አተኩሶት መጣ። 15 ወይ 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ራሱን ክፉኛ ያመዋል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሲጠይቁት ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ደሙ ታይቶ ወባ የለበትም። እኔም እንደ ጎረቤቶችዎ አሰብኩና ሴፍትሪያክሶን አዘዝኩ። በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ እዚያው ነው። አንዲት የቆየች ነርስ ምንም ሳትናገር የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጣ ስፌቱን አሳየችኝ። ቅማሉ ስፌቱን ተከትሎ ተሰልፏል። ዶክሲሳይክሊን ጀመርንለት። በማግስቱ ማታ ትኩሳቱ ወረደ፣ በነጋታው እንጀራ ጠየቀ። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ መርፌም አይደለም፣ ማንም «ዋናው» ብሎ አይጠራውም። ልጁን ያዳነው ግን እሱ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ጠንካራ መድኃኒት ፍለጋ ስሮጥ የልጁን ልብስ ሳላይ ቀረሁ።

ታዲያ የመጀመሪያው መድኃኒት እንዴት ይመረጣል? እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ በግምት ነው። ጀርሙን አሳድጎ ማንነቱንና የሚገድለውን መድኃኒት የሚለየው የካልቸር ምርመራ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል፤ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። ግምቱ ግን በዘፈቀደ አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ሕመሙ የት እንዳለ ያያል። ጉሮሮ ነው? ሳንባ ነው? ፊኛ ነው? ቆዳ ነው? እያንዳንዱ ቦታ የታወቁ ደንበኞች አሉት። ፊኛን በብዛት የሚያጠቃው ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ ነው። ቆዳ ላይ መግል የሚቋጥረው በብዛት ስታፊሎኮከስ ነው። የሕፃናትን ሳንባ ከሚያጠቁት ባክቴሪያዎች ዋናው ኒሞኮከስ ነው። ቀጥሎ እነዚህ ደንበኞች በዚህ አካባቢ የትኛውን መድኃኒት እንደለመዱ ያስባል። ከዚያ ታማሚውን ያያል። እርጉዝ ናት? ኩላሊቱ ደህና ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዶ አብጦ ያውቃል?

መጨረሻ ላይ የሕመሙ ክብደት ይመጣል። ጥያቄዎ ግማሽ እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ራሱን ከሳተ፣ የደም ግፊቱ ከወረደ፣ ማጅራት ገትር ከተጠረጠረ ሐኪም ውጤት አይጠብቅም። ብዙ ዓይነት ጀርም የሚያዳርሰውን በደም ሥር ወዲያው ይጀምራል፣ ውጤት ሲመጣ ያጠብበዋል። በዚያ ሰዓት መሳሳት ሕይወት ያስከፍላል። በእግሩ መጥቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ተራው ሲደርስ በሩን ራሱ ከፍቶ ለሚገባ ሰው ግን ያ ስሌት አይሠራም።

«ሰውነታቸው ለመደው» የሚለውም መታረም አለበት። ሁላችንም እንለዋለን። ሰውነት ግን አንቲባዮቲክን አይለምድም፤ የሚለምደው ጀርሙ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሚለምደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ የርስዎ ልጆች ብቻ ይሆን ነበር። ጀርም ግን በሳልና በእጅ ከቤት ቤት ይዞራል። አንድም ቀን አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ጨቅላ የለመደ ጀርም ሊይዘው ይችላል። ገበሬ ቤት ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ስንዴው ላይ በየዓመቱ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ብቻ የሚረጭ ገበሬ ምን ይገጥመዋል? ሰፊ ቅጠሉ አረም ያልቃል፣ ሣር መሰሉ ሙጃ ማሳውን ይወርሰዋል። መድኃኒቱ ሙጃን አልፈጠረውም። ተቀናቃኙን ነው ያጠፋለት። ጉሮሯችንና አንጀታችን ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህ ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ተለክቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ትራኮማን ለመቆጣጠር በተካሄደ ጥናት፣ በአንዳንድ መንደሮች ለልጆች በየ3 ወሩ አዚትሮማይሲን ተሰጠ። ከመጀመሩ በፊት ከልጆቹ አፍንጫ በተወሰደው ናሙና አዚትሮማይሲንን የለመደው ኒሞኮከስ ከ4 በመቶ በታች ነበር። ከዓመት በኋላ 47 በመቶ ገደማ ደረሰ። መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው መንደሮች 9 በመቶ ገደማ ነበር። ዘመቻው ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ትራኮማ ዓይን ያጠፋል። በዚያው ጥናት መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት መቀነሱም ታይቷል። ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ የተሰጠ ነው። ርስዎ ለጉንፋን ሲሰጡት ግን ጉዳቱ ብቻ ይቀራል፤ የሚመዘን ጥቅም የለውም። እንደ እኔ ግምት አዚትሮማይሲን በኛ አካባቢ እንደ ከረሜላ የተደፈረው ሰው በዘመቻው ስለለመደው ጭምር ነው። «ለሁሉም በነፃ የሚሰጥ ምን ይጎዳል?» ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በ3 ረድፍ ከፍሏቸዋል። አንደኛው ለተለመዱ ሕመሞች መጀመሪያ የሚሰጡት ናቸው፤ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ናይትሮፉራንቶይን፣ ሜትሮኒዳዞል እዚህ አሉ። ሁለተኛው በጥንቃቄ የሚሰጡት ናቸው። አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን፣ ማለትም እንደ ጠንካራ የቆጠራችኋቸው ሦስቱም፣ እዚህ ረድፍ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚወጣ ነው። አንደኛው ረድፍ ላይ ያሉት ደካማ ስለሆኑ አይደለም የተቀደሙት። ለታወቀ ሕመም በቂ ስለሆኑና ሌላውን ጀርም ብዙ ስለማያስለምዱ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። አዚትሮማይሲኑ «ወዲያው አሻላቸው» ብለዋል። ጉንፋን የቫይረስ ሕመም ነው። ቫይረስን የትኛውም አንቲባዮቲክ አይገድልም፣ ርካሹም ውዱም። ጉንፋን ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ይብስና ከዚያ ይለቃል። እናት ወደ መድኃኒት ቤት የምትሮጠው መቼ ነው? ሲብስ ነው። በ4ኛው ቀን አሞክሳሲሊን ይሰጣል፣ አይታይም። በ6ኛው ቀን አዚትሮማይሲን ይደረባል፣ በ8ኛው ልጁ ይጫወታል። ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ የደረሰው ነው። ዳማከሴ ብቻ ቢያሸቷቸውም በ8ኛው ቀን ይጫወቱ ነበር። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ባክቴሪያ ለማለት አያበቃም። ሙቅ ፈሳሽ፣ እረፍት፣ ካተኮሳቸው በክብደታቸው ልክ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ቶንሲል ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም እንደ ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ካለበት በብዛት እሱ ነው። ሳል ሳይኖር ድንገት ካተኮሰው፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ካለ፣ አንገቱ ሥር ያሉት እጢዎች ሲነኩ የሚያሙ ከሆነ፣ በተለይ ልጁ ከ5 እስከ 15 ዓመት ከሆነ፣ ስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ይችላል። ይህን ዝም ብለን አንተውም። ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የልብ በርን የሚያበላሽ ሪህ ያመጣል። የልብ በር ሕመም ይዘው የሚመጡልን ወጣቶች የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መድኃኒቱስ? በጣም የቆየው፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን። ይህ ጀርም እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልለመደም። አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ይበቃዋል። አዚትሮማይሲንን የለመደ ስትሬፕቶኮከስ ግን አለ። ስለዚህ እዚህ ላይ «ደካማ» ያሉት ነው አስተማማኙ። በነገራችን ላይ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቆረጥ ሕክምና አይደለም። ደም ሲፈሰው ያደረ ሕፃን አይቻለሁ።

በሳል መሀል የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፣ የሳንባ ምች። ዳማከሴ የሚሸተትለት «ምች» ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው፤ ስማቸው መመሳሰሉ ብዙ ሕፃን አስጎድቷል። መለያው ቀላል ነው፣ ቤትዎ ሆነው መቁጠር ይችላሉ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን እስከ ደረቱ ይግለጡ። ስልክዎ ላይ 1 ደቂቃ ይያዙ። ሆዱና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ብለው ይቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ እጥፍ ማድረግ አይሆንም፣ ሕፃን አተነፋፈሱ አንድ ወጥ አይደለም። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኖ እየተነፈሰ ነው፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ያለው ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ደግሞ ጤና ኬላ ላይ አይቁሙ። ከ2 ወር በታች የሆነ ጨቅላ ካተኮሰው ወይም አልጠባም ካለ ቁጥር ሳይቆጥሩ ይሂዱ። ላልከበደው የሕፃን ሳንባ ምች መጀመሪያ የሚሰጠውም አሞክሳሲሊን ነው። ልክ በሆነ መጠን በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን። «አልሠራም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ መጠኑ ነው። ክብደቱ ሳይለካ የተሰጠ ሽሮፕ፣ በቤት ማንኪያ የተሰፈረ፣ ከመስመሩ በላይ ውኃ የበዛበት። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው እንክብል ካለ እሱን ይምረጡ፣ ማበላሸት ይከብዳል።

ተቅማጥ ላይ ብዙ አልቆይም። ደም ከሌለበት አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ኦአርኤስ እና ለሕፃን ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል። ደም ከተቀላቀለበት ይታይ። «አሜባ ነው» ብሎ ፍላጅል (ሜትሮኒዳዞል) መዋጥ ከቡና በኋላ የሚደረግ ልማድ ሆኗል ማለት ይቻላል። ፍላጅሉን የሚወስድ ሰው አረቄም ጠላም መተው አለበት።

ከአራታችሁ ይበልጥ ያሳሰበኝ የርስዎ ነው። አንዴ ሽንት ላቃጠላት፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ለሌላት፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት እኔ መጀመሪያ የምመርጠው ናይትሮፉራንቶይን ነው፤ 5 ቀን። ከፊኛ ውጪ ብዙም አይደርስም። ጉድለቱም ጥቅሙም ይኸው ነው። አንጀት ውስጥ ያለውን ጀርም ብዙ አያስለምድም፤ ኩላሊት ድረስ ለወጣ ኢንፌክሽን ግን አይሆንም። ሽንትን ጠይም ቢጫ ያደርጋል፣ አይደንግጡ። ኩላሊታቸው ለደከመና ለመውለድ ለተቃረቡ አይሰጥም። ሲፕሮን ወደ ኋላ የማደርገው በአገራችን ከሽንት በሚወጣው ኢ. ኮላይ ውስጥ ሲፕሮን የለመደው ብዙ ስለሆነ ነው። ጅማትንም ይጎዳል፣ ለእርጉዝ አይመከርም፣ ከወተት ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ከተዋጠ ደግሞ ሳይሠራ ያልፋል።

ርስዎ ግን «አንዴ» የሚባለውን አልፈዋል። በ2 ዙር ሲፕሮ ያልለቀቀ ነገር በ3ኛ ሲፕሮ አይለቅም። ወይ ጀርሙ ለምዶታል፣ ወይ ከጀርባ ሌላ ነገር አለ፤ ጠጠር፣ ስኳር፣ እርግዝና። ወይም ከመጀመሪያውም የፊኛ ኢንፌክሽን አልነበረም። ፈሳሽ፣ ማሳከክ ወይም በግንኙነት ጊዜ ሕመም ካለዎት ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ፣ አይፈሩ። የአባለዘር ሕመም ከሆነ ባለቤትዎም አብረው መታከም አለባቸው፤ አለዚያ እየተመላለሰ ይኖራል። የሽንት ካልቸር ያስፈልግዎታል። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሠራል። ናሙናው ከመድኃኒት በፊት ይሰጥ። ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ሽንት ለቀው፣ መሀሉን በንጹሕ ዕቃ ይያዙ። የጎን ውጋት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ማስመለስ ከመጣ ካልቸሩን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።

ባለቤትዎ ከጃዊ ነው የተመለሱት። ጃዊ ቆላ ነው። ከቆላ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው የመጀመሪያው ጥያቄ አንቲባዮቲክ ሳይሆን የወባ ምርመራ ነው። ያ ተደርጎ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ካልተደረገ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ይላኩዋቸው።

«ታይፎይድም ታይፈስም» የሚለውን ወረቀት በሳምንት ስንቴ እንደማየው ባልነግርዎ ይሻላል። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ጀርሙን አያይም። ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚያየው። መከላከያው ደግሞ ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፣ በሌላ ጀርም የተነሳም ሊሆን ይችላል። ታይፈስን የሚለየው ዌይል ፌሊክስም ከዚህ አይሻልም። ስለዚህ አንድ ቀን ተሠርቶ «ተገኘ» የሚል ወረቀት ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ «ከተገኙ» ደግሞ እኔ በሽተኛውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የምጠረጥረው። ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ይዘን ብንመረምር ከነዚህ ወረቀቶች ብዙ እንሰበስባለን። ታይፎይድን በእርግጥ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ታይፎይድ ከሆነ ሴፍትሪያክሶን ትክክል ነው። ታይፈስ ከሆነ ዶክሲሳይክሊን ነው የሚያስፈልጋቸው።

ሦስት ነገር ልጨምር። ቅማል በበዛበት ቦታ ያደረ ሰው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ ሐኪሞች ሪላፕሲንግ ፊቨር የሚሉት፣ ሊይዘው ይችላል። ለወባ የተወሰደው ያው የደም ስላይድ ላይ ይታያል። መድኃኒቱ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያመጣ ቤት ውስጥ አይጀመርም። ሌላው፣ ባለቤትዎ ወደ መተማ ወይም ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው ከነበረ፣ ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈ፣ ከሲታ ከሆኑና ጣፊያቸው ካበጠ ካላዛር የሚባለው የጥገኛ ተውሳክ ሕመም መመርመር አለበት። ካላዛርን እነዚህ ሁሉ አንቲባዮቲኮች አያውቁትም። ሳል ኖሮ 2 ሳምንት ካለፈውም አክታ ይመርመር።

አወሳሰድ ላይ አንዳንድ ነገር። በቀን 3 ጊዜ የተባለ መድኃኒት ጧት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ ከተወሰደ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ይቀራል። ዶክሲሳይክሊንን ቁጭ ብለው በብዙ ውኃ ይዋጡ፣ ወዲያው አይተኙ፣ ጉሮሮ ያቆስላል። በጾም ወቅት መድኃኒት ከማዛባት የነፍስ አባትን ማነጋገር ይሻላል፤ ለታመመ ሰው እንደሚላላ እሳቸው ይነግሩዎታል። ጠበል የሚጠጣም ይጠጣ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚል ሰው ምን ሆኖ እንደነበር በዝርዝር ይናገር። ሆድ መረበሽ አለርጂ አይደለም። ፊትና ከንፈር አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ከነበረ ግን አለርጂ ነው፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለት። ከካፕሱል የፈሰሰ ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስም ይብቃ። ቋጥሮ መግል የያዘ እብጠት ዋና ሕክምናው ተከፍቶ መግሉ መውጣቱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። ለልጆቹ አዚትሮማይሲን ከመድኃኒት ቤት በራስዎ መግዛቱን ያቁሙ። ሳል ሲመጣ ትንፋሽ ይቁጠሩ፤ ጉሮሮ ሲያም መግልና እጢ ይዩ፤ ከነዚህ አንዱ ካለ ያስመርምሩ፣ ከሌለ ሳምንቱን ይታገሡ። አሞክሳሲሊን በምርመራ ከታዘዘ ስሙን ሰምተው አይናቁት። ባለቤትዎ ወባ ይታይላቸው። መርፌው በተጀመረ በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ ይበልጥ «ጠንካራ» አይፈልጉ፣ ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመር። ርስዎ ደግሞ ከካልቸሩ በፊት አንድም የአንቲባዮቲክ እንክብል እንዳይውጡ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ እስካሁን የወሰዳችኋቸውን ባዶ እሽጎች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። አንድ አባት በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ባዶ የሲፕሮ እሽግ ያመጡልኛል፤ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ ያደርጉና «ይቺኑ ድገመኝ» ይላሉ። እኔ ግን እሽጓን የምፈልጋት የማልደግመውን ለማወቅ ነው።